የማኅበረሰብ ወሬን ሰምቶ መልስ መስጠት፦ በጅማና በዙሪያዋ ለእርዳታ ሠራተኞችና ለበጎ ፈቃደኞች የአሠራር መመሪያ

ጎርፍ፣ ወረርሽኝ ወይም መፈናቀል በደረሰ ቁጥር በጅማ ከተማ ቀበሌዎችና በዙሪያው ወረዳዎች የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያቀርቡልኛል፦ «ሕዝቡ ውስጥ የሚናፈሰውን ወሬ ምን እናድርገው? ዝም እንበለው ወይስ እናስተባብለው?» ሁለቱም አይበቁም። ወሬው መሰማት፣ መመዝገብና መጣራት አለበት፤ ከተጣራ በኋላ ለሕዝቡ መልስ ይሰጥበታል፣ ለእርዳታ ሰጪውም የአሠራር ማስተካከያ ሆኖ ይቀርባል። ይህ መመሪያ ሥራውን ከዝግጅት እስከ መዝጊያው ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

ወሬ የሚበረታው ጉዳዩ ለሰው ኑሮ ወይም ሕይወት አስፈላጊ ሲሆንና ስለ ጉዳዩ ያለው መረጃ ሲድበሰበስ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ከጠፋ ወሬውም ይከስማል። ቤቱ በውሃ ለተወሰደበት ሰው የእህል እደላው ቀን አስፈላጊ መሆኑ አይቀርም፤ ስለዚህ በእርስዎ እጅ ያለው መረጃውን ግልጽ ማድረግ ብቻ ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» እንደሚባለው፣ ስለ አንድ ድርጅት የሚወራውን ከሁሉ በኋላ የሚሰማው ድርጅቱ ራሱ ስለሆነ፣ ወሬን በሥርዓት መስማት ሕዝቡ ምን እንዳልገባው፣ ምን እንደሚፈራና የትኛው አገልግሎት እንዳልሠራ ለማወቅ አጭሩ መንገድ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ለእያንዳንዱ አድማጭ አንድ ደብተርና እስክሪብቶ። በዝናብና መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ከወረቀት የሚሻል የለም።
• አንድ ገጽ የማይሞላ የመመዝገቢያ ቅጽ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የተዘጋጀ።
• በይለፍ ቃል የሚከፈት ስልክ ወይም ኮምፒውተር፤ መዝገቡን በኤክሴል ወይም ያለ ኢንተርኔት መመዝገብ በሚያስችለው ኮቦ ቱልቦክስ በተባለ የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ መያዝ ይቻላል።
• የመልስ ሰጪዎች ዝርዝር፦ በጤና፣ በውሃ፣ በእህል እደላ፣ በመጠለያና በሕፃናትና ሴቶች ጉዳይ አንድ አንድ ሰው፣ ከተተኪው ጋር።
• ለአድማጮች የስልክ ካርድና የትራንስፖርት ወጪ።
• መልስ የሚተላለፍባቸው መንገዶች፦ ድምፅ ማጉያ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የአካባቢ ሬዲዮ የአየር ሰዓት፣ የቴሌግራም ቡድን።

ደረጃ 1፦ መልስ ሰጪውን አስቀድመው ይሰይሙ

ማዳመጥ ከመጀመርዎ በፊት ከከተማው ወይም ከወረዳው የአደጋ ሥጋት አመራር ክፍል፣ ከጤና ጽሕፈት ቤት፣ ከቀበሌውና በቦታው ከሚሠሩ ድርጅቶች ጋር ተቀምጠው የትኛው ጥያቄ ለማን እንደሚላክና በስንት ሰዓት መልስ እንደሚመጣ በጽሑፍ ይስማሙ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው የሚያስጨንቀውን ነግሮዎት ለሳምንታት ምንም ካልሰማ፣ በሁለተኛው ጊዜ አይነግርዎትም፤ ዝምታውንም «የሚደብቁት ነገር አለ» ብሎ ይተረጉመዋል። መልስ የሚሰጥ አካል ሳይገኝ ወሬ መሰብሰብ ካለመሰብሰብ ይከፋል።

ደረጃ 2፦ አድማጮችን ከተለያየ ቦታ ይምረጡ

አድማጭ ማለት በኑሮው ከሰው ጋር የሚውል፣ ምስጢር የሚጠብቅና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መጻፍ የሚችል ሰው ነው። የቀበሌ ሹም ወይም የድርጅት አርማ ያለበት ሰደርያ የለበሰ ሰው ለዚህ ሥራ አይመችም፤ ፊቱ ላይ የሚነገረው ደስ የሚያሰኘው ብቻ ነው።

በጅማ ወሬ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ብዙ ስለሆኑ አንዱን ብቻ መያዝ ከሌሎቹ ያጎድላል። የጎረቤት ቡና ላይ የሚወራው ከበርጫ ቤቱ ይለያል፤ በመናኸሪያ ከአዲስ አበባ በገባው አውቶቡስ የሚወርደው ወሬ በሂርማታ ገበያ ከወረዳ ከሚመጣው ጋር አይመሳሰልም። የቦኖ ውሃ ተራ፣ የባጃጅ ማቆሚያ፣ የዕድር ስብሰባ፣ ከመስጊድና ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያለው ወግ ሁሉ ጆሮ ይፈልጋሉ። በቡና ለቀማ ወቅት ደግሞ ወደ ጎማ፣ ሊሙና ማና የሚገቡ የቀን ሠራተኞች ዘመድም ዕድርም በሌለበት ስለሚያድሩ፣ የሚሰሙት መረጃ እጅግ ጥቂት፣ የሚነካቸው ወሬ እጅግ ብዙ ነው፤ ከመካከላቸው ቢያንስ አንድ አድማጭ ይያዙ።

ከአድማጮችዎ ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ፤ ስለ እርግዝና፣ ስለ ክትባትና በእደላ ቦታ ስለሚደርስ ጥቃት የሚነገረው በአብዛኛው በሴቶች መካከል ነው። አካል ጉዳተኞችንና ከቤት የማይወጡ አረጋውያንን የሚጎበኝ ሰውም ያስፈልግዎታል። ቋንቋን አይርሱ፤ አፋን ኦሮሞ የአብዛኛው ሕዝብ ቋንቋ ሲሆን፣ በከተማው የየም፣ የዳውሮና የካፋ ተወላጆችም ይኖራሉ።

ደረጃ 3፦ ያዳምጡ፣ አይመርምሩ

«ምን አሉባልታ ሰማችሁ?» ብለው አይጠይቁ። የተጠየቀው ሰው አሉባልታ አውሪ ላለመባል «ምንም አልሰማሁም» ይላል፤ እውነት ነው ብሎ የሚያምነውንም ነገር አይነግርዎትም። በምትኩ «ሰሞኑን ሰው ስለ ምን ይጨነቃል?»፣ «ስለ እደላው ምን ይባላል?»፣ «ማወቅ የፈለጋችሁት ያልተነገራችሁ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ማንነትዎንና መልሱ ምን ላይ እንደሚውል በግልጽ ይንገሩ፤ ያለ ፈቃድ ድምፅ አይቅረጹ።

የሰሙት ስሕተት መሆኑን ቢያውቁም እዚያው ቡና ላይ ክርክር አይግጠሙ። «ይህን ጥያቄ ይዤ ሄጄ መልሱን አመጣለሁ» ማለት በቂ ነው። ከዚህ የሚለየው ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲያጋጥም ብቻ ነው፤ ለምሳሌ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት (አተት) የያዘውን ሰው «ውሃ አታጠጡት» ሲባል ከሰሙ ሳይዘገዩ ያርሙ፣ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እንዲሰጡትና ወደ ጤና ተቋም እንዲወስዱት ይንገሩ።

ደረጃ 4፦ ቃል በቃል ይመዝግቡ

በቅጹ ላይ የሚሰፍረው የሚከተለው ነው፦ ቀን፣ ቀበሌ ወይም መጠለያ ጣቢያ፣ ወሬው የተሰማበት ቦታ ዓይነት፣ የተነገረበት ቋንቋ፣ የተናጋሪው ጾታና የዕድሜ ክልል፣ ወሬው በተናጋሪው አነጋገር፣ ሰውየው የት እንደሰማው፣ ወሬውን ሰምቶ ምን እንዳደረገ ወይም ሊያደርግ እንዳሰበ። ስም፣ ስልክ ቁጥርና የቤት ቁጥር አይጻፍም።

ወሬውን በራስዎ ቃል ማሳጠር ትልቁን መረጃ ይጥላል። «ሰዎች በውሃ ማከሚያው ላይ እምነት የላቸውም» የሚል መዝገብ ለማንም አይጠቅምም። «ውሃ አጋር የጨመሩበትን ውሃ የጠጣች ሴት አትወልድም» የሚለው ግን ፍርሃቱ የማን እንደሆነና ምን መመለስ እንዳለበት በትክክል ያሳያል። የመጨረሻው ጥያቄ፣ ማለትም ሰውየው ምን እንዳደረገ፣ ከሁሉ ይበልጣል፤ ወሬ የሚለካው በአስገራሚነቱ ሳይሆን ሰው በእሱ የተነሳ ምን እንደሚያደርግ ታይቶ ነው።

ደረጃ 5፦ በአሳሳቢነቱ ይለዩ

በየቀኑ ማታ መዝገቡን አንድ ላይ ያዩና ለእያንዳንዱ ወሬ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ሰው ቢያምነው ምን ጉዳት ይደርሳል? ምን ያህል ተሰራጭቷል? ሕይወት የሚያጠፋ፣ ሰውን ከሕክምና የሚያርቅ ወይም ግጭት የሚያስነሳ ከሆነ ከፍተኛ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ ሊያገኝ ይገባል። ሰው አገልግሎት እንዲያጣ ወይም ያለ ጥቅም እንዲንከራተት የሚያደርግ ከሆነ መካከለኛ ነው፤ 3 ቀን ይበቃዋል። የቀረው ለሳምንታዊው መልስ ይቆይ። ይህ ልየታ የሚያስፈልገው ሁሉንም እኩል ለማጣራት የሚሞክር ቡድን አደገኛውን ሳይደርስበት ስለሚደክም ነው።

አንድ ሰው ብቻ የተናገረውንና የትም ያልተሰማውን ወሬ በድምፅ ማጉያ አያስተባብሉ፤ ያልሰማው ሁሉ ከእርስዎ ይሰማዋል። እንዲህ ያለውን ለተናገረው ሰው ብቻ ይመልሱና በመዝገብ ይከታተሉት።

ደረጃ 6፦ ቢያንስ ከሁለት ምንጭ ያጣሩ

አንዱ ምንጭ ለጉዳዩ ኃላፊነት ያለው አካል ይሁን፤ ሌላው ግን ከእሱ ነፃ የሆነና ቦታው ላይ ያለ መሆን አለበት። «ጽሕፈት ቤቱ ሐሰት ነው ብሏል» ማጣራት አይደለም። ሲያበቁ ወሬውን ከአራቱ በአንዱ ይፈርጁት፦ እውነት፣ በከፊል እውነት፣ ሐሰት፣ ገና ያልተረጋገጠ።

አንዱን እስከ መጨረሻው እንከተለው፤ ለማስረዳት ያዘጋጀሁት ምሳሌ ነው። ከአዌቱ ወንዝ ዳር ጎርፍ ካፈናቀላቸው ሰዎች መካከል «ወደ አተት ማከሚያ ድንኳን የገባ ሰው አይወጣም» የሚል ወሬ ከሦስት ቦታ ተመዘገበ፤ አንዲት እናትም የታመመ ልጇን በቤቷ እንደደበቀች ተሰማ። አሳሳቢነቱ ከፍተኛ ነው። የማከሚያው አስተባባሪ ሲጠየቅ አብዛኞቹ ታካሚዎች ድነው እንደሄዱ ይናገራል፤ እንዲህ ያለውን አተት የሚያመጣው ኮሌራ በጊዜ ከታከመ ከ100 ታማሚዎች የሚሞተው ከ1 በታች ስለሆነ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሁለተኛው ምንጭ ግን ቦታው ራሱ ነው። በር ላይ ግማሽ ቀን የቆየ አድማጭ የሚያየው ሌላ ነገር ነው፦ ኢንፌክሽን እንዳይዛመት ሲባል መግቢያውና መውጫው ተለይተዋል፤ የዳኑት በክሎሪን ከታጠቡ በኋላ በጀርባ በኩል ይወጣሉ፤ ቤተሰብ የሚጠብቀው ግን በፊት በር ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚያየው የሚገባውን ብቻ ነው። ወደ ውስጥም አይገባም፣ ስለ ታማሚውም የሚነግረው የለም። ወሬው በከፊል እውነት ተብሎ ይመዘገባል፤ ሰው ያየውን ነው የተናገረው።

ደረጃ 7፦ መልሱን ይጻፉ

መልስ በእውነቱ ይጀምር እንጂ በወሬው አይጀምር፤ በሰው ጆሮ የሚቀረው መጀመሪያ የሰማው ነው። ቀጥሎ ጭንቀቱን ያክብሩ፣ ምክንያቱን ያስረዱ፣ ሰው አሁን ማድረግ የሚችለውን አንድ ነገር ይንገሩ፣ በመጨረሻም ተጨማሪ ጥያቄ የሚቀርብበትን ቦታና መልሱ የተሰጠበትን ቀን ያስፍሩ። ለላይኛው ምሳሌ እንዲህ ይሆናል፦

«በአተት ማከሚያው የታከሙ አብዛኞቹ ሰዎች ድነው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ የሚወጣ ሰው ባለማየቱ መጨነቁ ተገቢ ነው፤ የዳኑት የሚወጡት በጀርባው በር ሲሆን፣ ይህም የሆነው በሽታው ለሌላ እንዳይተላለፍ ነው። ትውከትና ተቅማጥ የጀመረው ሰው ካለዎት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በንጹሕ ውሃ በጥብጠው እየሰጡ ወዲያውኑ ያምጡት፤ በሰዓታት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። ስለ ታማሚዎ ለመጠየቅ በሩ ላይ ያለችውን ባለሙያ ያነጋግሩ።»

የተጻፈውን ለጉዳዩ ባለሙያ አሳይተው ያስጸድቁ፤ ከዚያም ከማኅበረሰቡ ለሁለት ሦስት ሰዎች አንብበው «ምን ተረዳችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የአፋን ኦሮሞውን ጽሑፍ ከአማርኛው ቃል በቃል ከማስተርጎም በቋንቋው አፉን የፈታ ሰው ሐሳቡን ይዞ እንዲጽፈው ያድርጉ። ገና ያልተረጋገጠ ነገር ላይ ደግሞ የሚታወቀውን፣ እየተጣራ ያለውንና መልሱ የሚሰጥበትን ቀን ይናገሩ፤ በተባለው ቀን ምንም አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ ተገኝተው ይህንኑ ይንገሩ።

ደረጃ 8፦ ወሬው በመጣበት መንገድ ይመልሱ

ቡና ላይ የተሰማ ወሬ በፌስቡክ ገጽ ቢመለስ ለጠያቂዋ አይደርሳትም። ለበርጫ ቤት በዚያ የሚከበር ሰው፣ ለመስጊድ ኢማሙ፣ ለቤተ ክርስቲያን ካህኑ፣ ለመናኸሪያ የተራ አስከባሪዎች ማኅበር፣ ለአረጋውያን የዕድሩ ሰብሳቢ፣ ለቴሌግራም አጭር የድምፅ መልእክት ይሻላል። በ2014 እ.ኤ.አ. በላይቤሪያ የኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ የጤና ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች የሰሙትን ወሬ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይልኩ ነበር፤ የተጣራውም ለአካባቢ ጋዜጠኞች ይደርሳቸው ነበር። እርስዎም ለከተማው ሬዲዮ ጣቢያዎች በየሳምንቱ ከ5 የማይበልጡ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ያዘጋጁላቸው፤ ጋዜጠኛው የሚያነበው የተጣራ ነገር ካላገኘ የሚያነበው ሌላ ነው።

ደረጃ 9፦ ወሬውን ወደ እርዳታ ሰጪው ይውሰዱ

የሁለት ወገን ግንኙነት የሚባለው እዚህ ላይ ይፈተናል፤ ብዙ ቡድኖች ለሕዝቡ መልስ ሰጥተው ስለሚያቆሙ ሥራቸው ማስተባበል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከላይ ባለው ምሳሌ መልሱ ምንም ያህል ቢያምር፣ የበሩ ነገር እንዳለ ከቆየ ወሬው በሳምንቱ ይመለሳል።

ስለዚህ በየሳምንቱ በሚደረገው የአስተባባሪዎች ስብሰባ ላይ አንድ ገጽ ይዘው ይቅረቡ። ገጹ ስንት ወሬ እንደተሰበሰበ የሚዘረዝር ሳይሆን፣ ወሬዎቹ የትኛውን የአሠራር ጉድለት እንዳሳዩ፣ ማን ምን እንዲያስተካክል እንደሚጠየቅና እስከ መቼ የሚል ይሁን። ለምሳሌው የሚቀርበው ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ የቤተሰብ መጠበቂያ ዳሱ ወደ መውጫው በር ይዛወር፤ ጠዋትና ከሰዓት አንዲት ነርስ ወጥታ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው የታማሚውን ሁኔታ ትንገር፤ እጁን የሚታጠብና መመሪያውን የሚያከብር አንድ አስታማሚ ይፈቀድ። ወጪያቸው ጥቂት ነው፣ ለሚደበቀው ልጅ ግን የሚያመጡት ለውጥ ትልቅ ነው።

ጥያቄው ተቀባይነት ሲያገኝ ለሕዝቡ «በነገራችሁን መሠረት ይህ ተቀይሯል» ብለው ይንገሩ። ተቀባይነት ካላገኘም ከነምክንያቱ ይንገሩ። ሰው መናገሩ ለውጥ እንዳመጣ ሲያይ የሚቀጥለውን ችግር ወሬ ሳይሆን በፊት ይዞልዎት ይመጣል።

ደረጃ 10፦ ይከታተሉ

መልስ ከተሰጠ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ አድማጮቹ ወደ ተመሳሳይ ቦታዎች ተመልሰው ወሬው እንዳለ፣ እንደተቀየረ ወይም እንደጠፋ ይመዝግቡ። መልኩን ቀይሮ የመጣ ወሬ መልሱ አንዱን ጥያቄ ዘልሎ እንዳለፈ ይነግርዎታል።

ጥብቅ ማስጠንቀቂያዎች

የእርዳታ ሠራተኛ ወይም ሹም እርዳታ ለመስጠት ወሲብ ወይም ገንዘብ ጠየቀ የሚል ነገር ከሰሙ አያጣሩ፣ ለአድማጮች አያካፍሉ፣ በጋራ መዝገብ ላይም አይጻፉ። በዚያው ቀን የድርጅቱን የወሲባዊ ብዝበዛና ጥቃት መከላከል ኃላፊ በሚስጥር ያግኙ፤ ተጎጂዋ ፈቃደኛ ከሆነች ወደ ሕክምናና የሕግ ድጋፍ የምትደርስበትን መንገድ ይጠቁሙ። ባልሠለጠነ ሰው የሚደረግ ማጣራት ተጎጂዋን ለበቀል ያጋልጣል።

ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚነካ ወሬ በዝርዝሩ አይደገም፤ በማስታወቂያ ሰሌዳም አይለጠፍ። ለሁለቱም ወገን የሚታመኑ ሽማግሌዎችን አስቀድመው ያማክሩ። የሐሰተኛ መረጃና የጥላቻ ንግግር ሥርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሥራ ላይ ስለሆነ፣ ያልተጣራ ወሬ በቡድናችሁ ቴሌግራም ላይ ለቆ «ይህ እውነት ነው?» ብሎ መጠየቅ እንኳ ወደ ሌላ ቡድን ሲሻገር እንደ ሥርጭት ሊቆጠር ይችላል።

አድማጮች ጆሮ ጠቢ ተብለው ከተጠረጠሩ ሥራው በዚያው ያበቃል፤ ሰዎቹም ሊጎዱ ይችላሉ። ማን ምን እንዳለ ለማወቅ የሚጠይቅ ማንኛውም አካል ቢመጣ መዝገቡ ስም እንደሌለበት ማሳየት መቻል አለብዎት። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሚጠይቀው ይህን ዓይነት ጥንቃቄ ነው።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስሕተቶች

• ወሬን ከእውነት ውጪ አድርጎ መጀመር። ብዙ ወሬ ወይ እውነት ነው፣ ወይ የእውነት ቁራጭ አለበት፤ ሳያጣሩ ያስተባበሉት እውነት ሆኖ ሲገኝ ያለዎት ተአማኒነት አብሮ ይሄዳል።
• የማይፈጸም ቃል መግባት። አድማጭ «ዘይቱ ሐሙስ ይመጣል» ብሎ ተስፋ ሰጥቶ ሐሙስ ዘይቱ ከቀረ፣ አዲሱ ወሬ የተወለደው ከራሳችን ቤት ነው።
• መልስ የሚሰጠውን ሰው አለመምረጥ። ስለ ክትባት፣ ሰዎቹ የሚያውቋት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ብትናገር ከማያውቁት እንግዳ ይልቅ ይሰሟታል።
• አሮጌ መልስ አለማንሳት። ያለፈው እደላ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከቀረ ራሱ የወሬ ምንጭ ይሆናል።
• አድማጮችን መርሳት። የሰው ጭንቀት ቀኑን ሙሉ መስማት ያደክማል፤ በየሳምንቱ ሰብስበው ያነጋግሯቸው፣ ላቀረቡትም ወሬ ምን እንደተደረገ መጀመሪያ ለእነሱ ይንገሩ።

ሥራው ሲያበቃ

ቀውሱ ሲያልፍ አድማጮቹ በድንገት አይጥፉ። ሥራው መቼ እንደሚዘጋ ከሁለት ሳምንት በፊት ለማኅበረሰቡ ይንገሩ፤ ያልተመለሱ ጥያቄዎችን ለቀበሌው ወይም ለጤና ጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ያስረክቡ፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄ ለማን እንደሚቀርብም በግልጽ ያስታውቁ። የእጅ ደብተሮቹን ሰብስበው ወደ መዝገቡ የተላለፈውን ካረጋገጡ በኋላ ሁለት ሰዎች ባሉበት ያቃጥሉ፤ በመዝገቡም ላይ ሰውን የሚያሳውቅ ነገር ሳይታሰብ ገብቶ ከሆነ ሰርዘው ያስቀምጡት።